ችኮላ፣ ፍጥነትና መቅናት፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ምሳሌያዊ አነጋገር አተረጓጐም የቀረበ ሂስ

መነሻ

በእንግሊዝኛ ስለ ችኮላ ከሚነገሩት ምሳሌያዊ አነጋገሮች መካከል «ሞር ሄስት፣ ሌስ ስፒድ» የሚለው አጭርና በቀላሉ የሚያዝ ስለሆነ ቋንቋውን የተማረ ሰው ሁሉ ሳይሰማው አይቀርም። ቃላቱ አራት ብቻ ናቸው፤ አራቱም በማናቸውም መዝገበ ቃላት ይገኛሉ። ስለዚህም ተርጓሚው በደረሰበት ጊዜ ብዙም ሳያወጣ ሳያወርድ ያልፈዋል። ስለ ችኮላ የሚያስጠነቅቀው አነጋገር ራሱ በችኮላ ይተረጐማል ማለት ነው።

እኛ ይህ አነጋገር ወደ አማርኛ ሲመለስ ሦስት ዓይነት መልክ ይዞ ደጋግሞ ያጋጥመናል። አንደኛው ቃል በቃል የተገለበጠው «ብዙ ጥድፊያ፣ ትንሽ ፍጥነት» ነው። ሁለተኛው በአገር ቤት ምሳሌ የተተካው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ነው። ሦስተኛው ምሳሌነቱን ትቶ ሐሳቡን ብቻ የሚያብራራው «ሰው ሲቸኩል ሥራው ይዘገያል» የሚለው ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ጠበቃ አላቸው። ይሁን እንጂ ሦስቱም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፋሉ፤ ይኸውም «በዚህ አነጋገር ውስጥ ስፒድ ማለት በእርግጥ ፍጥነት ነውን?» የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መልሶ፣ በመልሱ መሠረት ሦስቱን አተረጓጐሞች መመዘንና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንድ የአሠራር ሐሳብ ማቅረብ ነው።

የሁለቱ ቃላት ሥር

በመጀመሪያ «ሄስት» የሚለውን እንመልከት። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ነው። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በመቶ የሚቈጠሩ ዓመታት ውስጥ ከፈረንሳይኛ ከገቡት እጅግ ብዙ ቃላት አንዱ ነው። ይሁንና ፈረንሳይኛውም ቃሉን ያገኘው በፋንታው ከፍራንኮች ማለትም ከጀርመናዊው የቋንቋ ቤተሰብ ነው። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ የሥሩ ዘመዶች የሚያመለክቱት መቸኰልን ሳይሆን ኀይልን፣ ግፊያንና ጠብን ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የነበረው ዘመዱ የግፍን ኀይል ያመለክት ነበር፤ በጎትኛ የነበረውም ጠብን ያመለክታል። እንግዲህ «ሄስት» ከመነሻው የመግፋትና የመታገል ጠባይ ያለበት ቃል ነው።

«ስፒድ» ግን ፈጽሞ ሌላ ታሪክ አለው። የጥንታዊው እንግሊዝኛ ቅርጽ «ስፔድ» ሲሆን፣ የወጣውም «ስፖዋን» ከሚለው ግሥ ነው። የግሡ ትርጕም መሳካት፣ መስመርና መልማት ነው። ስለዚህ «ስፔድ» በዋነኛነት የሚያመለክተው የሥራን መሳካት፣ ብልጽግናን፣ ሀብትን ነበር። የፍጥነት ትርጕም የመጣው ከዚህ ላይ ተነሥቶ ነው፤ ሥራው የተሳካለት ሰው ሥራው ይቀላጠፍለታል፣ የሚቀላጠፍ ሥራም ፈጣን ነው። ይህ ትርጕም በጥንታዊው እንግሊዝኛ መጨረሻ ዘመን ብቅ ብሎ ለብዙ ምእት ዓመት ከመጀመሪያው ትርጕም ጋር ጐን ለጐን ኖረ። ከዚያም ቀስ በቀስ እያየለ ሄዶ በዛሬው እንግሊዝኛ ብቻውን ለመቅረት በቃ።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑት የእንግሊዝኛ ዘመዶች ናቸው። በሆላንድኛ «ስፑት» ዛሬ ጥድፊያን ያመለክታል፤ ነገር ግን በዚያው ቋንቋ «ፎርስፑት» ማለት ብልጽግና፣ «ቴኽንስፑት» ማለት ደግሞ መከራ ወይም ዕድል መጥፋት ነው። አንዱ ሥር በነጠላ ሲነገር የፍጥነትን፣ ሲጣመር የመሳካትን ትርጕም ይዞ ቀርቷል። በጀርመንኛ «ሽፑተን» የሚለው ግሥ የቀረው ለመፍጠን ትርጕም ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ከሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው ለማለት ይቻላል፤ አሮጌው ትርጕም ከዕለት ተዕለት ንግግር ቢጠፋም በደረቁ የአነጋገር ቅሪቶች ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

ከእነዚህ ቅሪቶች አንዱ የያዝነው ምሳሌ ነው። ጆን ሄይዉድ እ.ኤ.አ. በ1546 ያሳተመው የምሳሌዎች መድበል ይህን አነጋገር ይዟል። የመጽሐፉ አገነባብ እንደ ተራ መድበል አይደለም፤ አንድ ወጣት ስለሚያገባት ሚስት ምክር ሲጠይቅ የሚደረግ ጭውውት ነው። ምሳሌው የሚነገረውም ስለ ጋብቻ ነው። በጋብቻ ጉዳይ ላይ በጊዜ የሚለካ ፍጥነት ዋና ነገር አይደለም፤ ዋናው ነገር ትዳሩ መቅናቱና አለመቅናቱ ነው። ስለዚህ አነጋገሩ በዚያ ዘመን የሚለው «ግፊያው በበዛ መጠን መሳካቱ ያንሳል» ነው እንጂ «የሚቸኵል ሰው ይዘገያል» አይደለም።

ሌላም ምስክር አለ። በቀደሙት የእንግሊዝኛ ምሳሌ ስብስቦች ውስጥ አነጋገሩ «ሌስ» በሚለው ምትክ «ዎርስ» በሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ «የባሰ» ወይም «የከፋ» ማለት ነው። የከፋ ውጤት ማለት ይቻላል፤ የከፋ ፍጥነት ማለት ግን እምብዛም ስሜት አይሰጥም። በእኛ አስተያየት «ሌስ» የሚለው ቅርጽ አሸንፎ የቀረው ለሁለቱም ትርጕሞች ስለሚመች ነው። ውጤትም ያንሳል፣ ፍጥነትም ያንሳል። ቃሉ ትርጕሙን ሲለውጥ ምሳሌው ሳይፈርስ የተሻገረው በዚህ ድልድይ ነው ብለን እንገምታለን።

የአሮጌው ትርጕም ማደሪያዎች

ይህ ሁሉ ለሥርወ ቃል ተመራማሪ ብቻ የሚጠቅም ወሬ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አሮጌው «ስፒድ» ተርጓሚውን የሚያሰናክለው በአንድ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን በብዙ ቦታ ነው።

በመጀመሪያ «ጎድስፒድ» የሚለውን የስንብት ቃል እንውሰድ። ለመንገደኛ የሚነገር ምርቃት ነው። የመጀመሪያው ትርጕም «እግዚአብሔር ያሳካልህ» ማለት ነው። የዛሬውን የ«ስፒድ» ትርጕም ብቻ የሚያውቅ ተርጓሚ ይህን «እግዚአብሔር ያፍጥንህ» ብሎ ቢመልሰው፣ አማርኛ ሰሚው ደንግጦ «ወዴት?» ሳይል አይቀርም፤ ምርቃቱ ወደ ርግማን ይጠጋልና። በአማርኛ ለመንገደኛ የሚመኙለት መንገዱ እንዲቀና እንጂ እንዲፈጥን አይደለም።

ሁለተኛው ማደሪያ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው በንጉሥ ጄምስ ስም የሚጠራው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ ሄዶ በውሃ ጕድጓድ አጠገብ ግመሎቹን አንበርክኮ ሲጸልይ፣ የእንግሊዝኛው ትርጕም ሎሌው በዚያ ቀን መልካም «ስፒድ» እንዲሰጠው እንደለመነ ይናገራል። የታሪኩን ሁኔታ ልብ እንበል። ሎሌው አይሮጥም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ልጅቱ ውሃ ስትቀዳም ጕዞው ቀንቶለት እንደሆነ ለማወቅ ዝም ብሎ ይመለከታታል። የሚለምነው ሥራው እንዲሳካለት ነው። በዚህ ቦታ «ስፒድ» ፍጥነት ነው ማለት የታሪኩን መንፈስ ፈጽሞ መገልበጥ ነው።

ሦስተኛው ማደሪያ የገበሬ ነው። «ጎድ ስፒድ ዘ ፕላው» የሚለው የእንግሊዝ ገበሬዎች የቆየ ምርቃት፣ ዕርሻው ይስመር፣ አዝመራው ይመር የሚል ምኞት ነው። በሬዎቹ ይሩጡ የሚል አይደለም፤ በሬ ቢሮጥ ዕርፉም አይያዝ፣ ትልሙም አይቀና። አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ዴቪድ ማሜት እ.ኤ.አ. በ1988 ለመድረክ ያበቃው ስለ ሆሊዉድ የፊልም ንግድ የሚናገረው ተውኔት አርእስቱን የወሰደው ከዚህ አነጋገር ነው። አርእስቱን «ማረሻውን አፍጥነው» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ ከጥንቱ ምርቃትም ከተውኔቱ ምጸትም ያልደረሰ አማርኛ ይዞ ይቀራል።

አራተኛው ከሁሉ የከበደው የሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልዬት» ነው። ተውኔቱን ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት ስለሆነ ለአንባብያን እንግዳ አይደለም። በአምስተኛው ገቢር መነኩሴው አባ ሎሬንስ በሌሊት ወደ መቃብሩ እየተጣደፉ ሲመጡ፣ እግራቸውም በመቃብሮቹ መካከል ሲደናቀፍ፣ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ «ስፒድ» እንዲሆናቸው ይማጸናሉ። እዚህ ላይ ቃሉ ረዳት፣ አቅኚ ማለት ነው። ነገር ግን መነኩሴው በእርግጥም እየተቻኰሉ ስለሆነ ተርጓሚው ወደ ፍጥነት ትርጕም ለመሳሳት ሰፊ ምክንያት አለው። ቀደም ሲል ወጣቱን ፍቅረኛ ረጋ እንዲል የመከሩት እኚሁ መነኩሴ ናቸው፤ አሁን ራሳቸው ይጣደፋሉ፣ ይደናቀፋሉ፣ ዘግይተውም ይደርሳሉ። ችኮላቸው ሙሉ ነበር፤ የጐደላቸው መቅናቱ ነው። የያዝነው ምሳሌ ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ሊገኝለት አይችልም።

ሦስቱ አተረጓጐሞች ሲመዘኑ

አሁን ወደ ሦስቱ የአማርኛ መልኮች እንመለስ።

የመጀመሪያው «ብዙ ጥድፊያ፣ ትንሽ ፍጥነት» ነው። ይህን አተረጓጐም ከመንቀፋችን በፊት የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። የዛሬው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ብዙውን ጊዜ «ሄስት» እና «ስፒድ» አንድ ነገር እየመሰሉት ምሳሌው እርስ በርሱ የሚጋጭ እንቈቅልሽ ይሆንበታል። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው። «ቸኰለ» ያለበት ሁኔታ ነቀፋ አለው፤ «ፈጠነ» ግን ብዙውን ጊዜ ምስጋና ነው። ፈጣን ሠራተኛ ይወደሳል፤ ችኩል ሠራተኛ ይገሠጻል። ሳይቸኵሉ መፍጠን ይቻላል፤ ቸኵሎ መዘግየትም ይቻላል። ስለዚህ ጥድፊያንና ፍጥነትን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማነጻጸር በአማርኛ ትርጕም የለሽ አይሆንም።

ጕድለቱ በሌላ በኩል ነው። አንደኛ፣ ሁለቱን ስሞች ያለ ማሠሪያ ጐን ለጐን ማስቀመጥ የእንግሊዝኛውን የአነጻጻሪ አገባብ በአማርኛ አይተካም። እንግሊዝኛው አንዱ ሲበዛ ሌላው ያንሳል ማለቱ ነው፤ አማርኛው ግን ሁለት ነገሮች እየተሰፈሩ የታዘዙ ይመስላል፤ ብዙ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ እንደሚባለው። ይህን ዝምድና አማርኛ የሚገልጸው በ«ቁጥር» ወይም በ«መጠን» ነው፤ «በቸኰሉ ቁጥር መዘግየት» እንደማለት። ሁለተኛ፣ «ፍጥነት» የሚለው ቃል በትምህርት ቤት ርቀት ለጊዜ ተካፍሎ የሚገኝ የፊዚክስ ልኬት ከሆነ ወዲህ የምሳሌን አየር መሸከም ተስኖታል። አንባቢው የሰዓት መቁጠሪያ ይታየዋል እንጂ የሽማግሌ ምክር አይሰማውም። ሦስተኛውና ዋናው፣ አሮጌውን ትርጕም ጨርሶ ይደመስሰዋል።

ሁለተኛው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ከብዙ ተርጓሚዎች ዘንድ እንደ ፍጹም አቻ ይቈጠራል። ውበቱም ግልጽ ነው። በሦስት ቃላት አንድ ሙሉ ሥዕል ይሰጠናል፤ እህሉን የያዘ ሰው፣ የተበተነው እህል፣ ጐንበስ ብሎ አንድ በአንድ መልቀሙ። ጊዜው ይባክናል፣ ከእህሉም የማይገኝ አይጠፋም፣ ሰውየውም ይዋረዳል።

ነገር ግን በጥንቃቄ ስንመለከተው ይህ ምሳሌ በይበልጥ የሚገጥመው ከሌላው የእንግሊዝኛ አነጋገር ከ«ሄስት ሜክስ ዌስት» ጋር ነው። ይህም በዚያው በሄይዉድ መጽሐፍ የሚገኝ፣ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ይበልጥ የሚዘወተር፣ ቤት የሚመታ አነጋገር ሲሆን፣ ትርጕሙ ችኮላ ብክነትን ያመጣል ማለት ነው። ማፍሰስ ብክነት ነው፤ መልቀም ደግሞ የብክነት ዕዳ ነው። የሁለቱ ሐሳብ በትክክል ይገናኛል። መዝገበ ቃላት «አፍሶ ለቀመ»ን ለሁለቱም የእንግሊዝኛ አነጋገሮች እኩል አቻ አድርጎ ቢሰጥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንባቢው ይሰወራል። በዛሬው ትርጕሙ «ሞር ሄስት፣ ሌስ ስፒድ» መዘግየትን ስለሚያመለክት፣ የሚለቅም ሰውም ስለሚዘገይ፣ «አፍሶ ለቀመ» ከፊል አቻ መሆኑን አንክድም። ሙሉ አቻ ነው መባሉን ግን እንቃወማለን።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ችኮላ የሚነገሩት ሌሎች የአማርኛ ምሳሌዎችም አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ማመልከት ይገባል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ስለ ዝግጅት ይናገራል፤ ጕዳዩ የመነሻው ስንፍና መጨረሻውን ማበላሸቱ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ችኮላን ከመንቀፍ ይልቅ ትዕግሥትን የሚያወድስ ተስፋ ነው። «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» የሚለው የሰውን ጥረት ከፈጣሪ ፈቃድ በታች ያደርገዋል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ግን ለያዝነው ጕዳይ እጅግ የቀረበ ነው። ጅቡ አልዘገየም፤ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሞ ደርሷል። የጐደለው ሥጋው ነው። ፍጥነት ነበረው፣ መቅናት ግን አልነበረውም። የእንግሊዝኛው አሮጌ ትርጕም በአማርኛ ሥዕል ቢሣል ከዚህ የተለየ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ጅብን በማናቸውም ቦታ ማስገባት አይቻልም። በለንደን አንዲት አስተማሪ ጫማውን በጥድፊያ ለሚያስር ተማሪዋ ይህን ምሳሌ ስትናገር በአማርኛው ጅብ ብታነሣ፣ አንባቢው ከለንደን ተነሥቶ ሐረር ጀጎል በር ላይ ይደርሳል። የአገር ቤት ምሳሌ የአገር ቤት መልክዐ ምድር ይዞ ይመጣል። ማፍሰስና መልቀም በየትም አገር ስላለ «አፍሶ ለቀመ» በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ምሳሌን በምሳሌ የሚተካ ተርጓሚ ከሐሳቡ ሌላ ሥዕሉንም መመርመር አለበት።

ሦስተኛው መልክ ማብራሪያው ነው። «ሰው ሲቸኩል ሥራው ይዘገያል» ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ማንም ሰው ለልጁ እንዲህ ብሎ አይመክርም። ምሳሌ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከአነጋገሩ ምጥንነት ነው። ሲተረተር እውነቱ ይቀራል፣ ሥልጣኑ ይጠፋል። ማብራሪያው ለመዝገበ ቃላት ፍቺ ይጠቅማል፤ በባለ ታሪክ አፍ ግን አይገባም።

በመጨረሻም ብዙ ጊዜ ከዚህ ምሳሌ ጋር የሚምታታውን «ፌስቲና ሌንቴ» የሚለውን የላቲን አነጋገር እንጥቀስ። «ቀስ ብለህ ቸኩል» ማለት ነው። ስዌቶንዮስ እንደጻፈው አውግስጦስ ቄሣር በግሪክኛ ቅርጹ ይወደው ነበር። የቬኒሱ አሳታሚ አልዶስ ማኑትዮስም ዶልፊን በመልሕቅ ላይ የተጠመጠመበትን የማተሚያ ቤቱን ምልክት የዚህ ሐሳብ መግለጫ አድርጎታል፤ ኤራስሞስ በ«አዳጅያ» መጽሐፉ ሰፊ ሐተታ ጽፎበታል። ይህ አነጋገር ሆን ተብሎ የተሠራ ቅራኔ ነው፤ ሁለት ተቃራኒ ጠባዮችን በአንድ ሰው እንዲገኙ ያዛል። የእንግሊዝኛው ምሳሌ ግን ከመነሻው ቅራኔ አልነበረበትም፤ ምክንያትንና ውጤትን የሚናገር ነው። ቅራኔ የመሰለው ቃሉ ትርጕሙን ከለወጠ በኋላ ነው። አንዱ ትእዛዝ፣ ሌላው ምልከታ ስለሆኑ በአንድ የአማርኛ አነጋገር ሁለቱን መሸፈን ስሕተት ነው።

አማርኛው ያለው ሀብት

እንግዲህ አሮጌውን «ስፒድ» በአማርኛ በምን እንመልሰው? መልሱ ሩቅ አይደለም። «ቀና» የሚለው ግሥ ይህን ትርጕም ከነታሪኩ ይሸከማል። በመጀመሪያ ትርጕሙ ጠማማ ያልሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ ወደ መንገድ፣ ከመንገድም ወደ ሥራና ወደ ዕድል ተሻግሯል። አዳኝ ቀናው ይባላል፤ ነጋዴ ገበያው ቀናለት ይባላል፤ ተጓዥም «ይቅናህ» ተብሎ ይሰናበታል። እንግሊዝኛው «ጎድስፒድ» ሲል የሚያደርገውን ሥራ ሁሉ «ይቅናህ» ያደርገዋል። በዚህ ላይ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ሰውን ይለያል፤ «ይቅናህ»፣ «ይቅናሽ»፣ «ይቅናዎት»፣ «ይቅናችሁ» ከሚሉት የትኛው እንደሚገባ የሚወስነው ተርጓሚው ነው። አባ ሎሬንስን በማዕርጋቸው፣ የአብርሃምን ሎሌ በአገልጋይነቱ ማናገር ይኖርበታል።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ቀና» በቅርጽ ከ«ቀና»፣ ማለትም ከቅናት ግሥ ጋር ይመሳሰላል። የሚለያያቸው ባለመያው ነው፤ «ቀናለት» መሳካት ሲሆን «ቀናበት» ግን ቅናት ነው። ሁለቱ በመዝገበ ቃላት ውስጥ በተለያየ መግቢያ ቃል ሊቀመጡ እንጂ በአንድ ዐምድ ሊታጨቁ አይገባም።

«ሰመረ»ም ከዚሁ ወገን ነው። በግእዝ «ሠምረ» መውደድን፣ ደስ መሰኘትን ያመለክታል፤ በአማርኛ ግን ሥራ መሳካትን ያመለክታል። ይህ ትርጕም እንዴት እንደሚጓዝ ያሳያል። በተቃራኒው የ«ጓጓ»ን መንገድ እንመልከት፤ በግእዝ መቸኰል የነበረው ግሥ በአማርኛ መመኘትና መናፈቅ ሆኗል። በእንግሊዝኛ መሳካት የነበረው ወደ መፍጠን ተጓዘ፤ በእኛ ዘንድ መቸኰል የነበረው ወደ መጓጓት ተጓዘ። ሁለቱም ቋንቋዎች አሮጌውን ትርጕም በቆዩ ጽሑፎች ውስጥ ትተው አልፈዋል። የግእዝን ጽሑፍ በዛሬው አማርኛ ትርጕም እያነበበ የሚሳሳተውን ተማሪ የምናርም ከሆነ፣ የ1611ን እንግሊዝኛ በዛሬው እንግሊዝኛ የሚያነበውንም ተርጓሚ ማረም ይገባናል።

በዚህ መሠረት የእኛ ሐሳብ ሁለት ነው። ምሳሌው በዛሬ ዘመን ሰው አፍ ሲገኝና ዋናው ሐሳብ መዘግየት ሲሆን «በቸኰሉ ቁጥር መዘግየት» ወይም እንደ ቦታው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይበቃል። በቆየ ጽሑፍ ሲገኝና ዋናው ሐሳብ የሥራው ውጤት ሲሆን ግን «ሲቸኩሉ አይቀናም» ብሎ መመለስ ይሻላል። ይህ አጭር ነው፣ የሽማግሌ አነጋገር ይመስላል፣ አሮጌውንም ትርጕም ያድናል። አንድ ነገር ግን ሳንደብቅ እንናገር። «ሲቸኩሉ አይቀናም» ከሕዝብ አፍ የተለቀመ ምሳሌ ሳይሆን ለትርጉም ሥራ የተበጀ አነጋገር ነው። ሕዝቡ ካልተቀበለው የተርጓሚ ሐረግ ሆኖ ይቀራል።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው፣ ለምሳሌያዊ አነጋገር አንድ የእንግሊዝኛ መሥመርና አንድ የአማርኛ መሥመር ትይዩ አድርጎ መስጠት በቂ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ በባለሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ ለእንደዚህ ያለ አነጋገር የሚሰጠው ሐተታ የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያሟላ መልካም ነው እንላለን።

1. አነጋገሩ በውስጡ ትርጕሙን የለወጠ ቃል ካለው፣ አሮጌው ትርጕም ከዛሬው ተለይቶ ይገለጽ፤ የሚገኝባቸው ሌሎች አነጋገሮችም ይጠቈሙ። ለምሳሌ ከያዝነው ምሳሌ ወደ «ጎድስፒድ» ማመልከቻ ይደረግ።

2. የአማርኛ አቻዎች በደረጃ ይለዩ፤ ሙሉ አቻ፣ ከፊል አቻና ማብራሪያ ተብለው። «አፍሶ ለቀመ» ለ«ሄስት ሜክስ ዌስት» ሙሉ አቻ፣ ለ«ሞር ሄስት፣ ሌስ ስፒድ» ደግሞ ከፊል አቻ ተብሎ ይመዝገብ።

3. በአማርኛው ምሳሌ ውስጥ ያለው ሥዕል የአንድ አገር መልክ የሚያሳይ ከሆነ ይህ በአጭር ምልክት ይገለጽ፤ ተርጓሚው በባዕድ ታሪክ ውስጥ ጅብ ከማስገባቱ በፊት እንዲያስብ ያደርገዋልና።

4. ከሕዝብ የተገኘው አነጋገርና ለትርጉም የተበጀው አነጋገር በግልጽ ይለዩ። ይህን ሳይለይ የሚያትም መዝገበ ቃላት ለሚቀጥለው ትውልድ የሐሰት ሥነ ቃል ያወርሳል።

እነዚህ ነጥቦች ሥራን እንደሚያበዙና ኅትመትን እንደሚያዘገዩ እናውቃለን። ለእያንዳንዱ ምሳሌ የቃሉን ታሪክ መመርመር፣ አቻዎቹን መመዘን፣ ሥዕሉን መመልከት ቀናትን ይጠይቃል። ዳሩ ግን በጥድፊያ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ቶሎ ይታተማል እንጂ አይቀናም፤ ከእርሱ የሚነሣው ስሕተት በእያንዳንዱ ተርጓሚ እጅ እየተበተነ ሲሄድ፣ በኋላ የሚመጡት አዘጋጆች ጐንበስ ብለው አንድ በአንድ ሲለቅሙት ይኖራሉ።